አይመለስም የተባለው ሞራ

ሲስተር ሸጊቱን የማውቃት ከካርድ ክፍሉ መስኮት ነው። እኔ ከመስኮቱ ወዲህ ካርድ ስፈልግ፣ እሷ ከመስኮቱ ወዲያ ታካሚ ስትጠራ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። ባሕር ዳር ውስጥ ያለን ትንሽ የዓይን ክሊኒክ ነን። ስሙን አልጠራም፤ የምናገረው ነገር ለማንም ማስታወቂያ አይሆንም። የሸጊቱ ድምፅ ትልቅ ነበር። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ከተማ፣ ሹም አቦ ሰፈር ነው። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የፋብሪካ ማሽን ሲጮህባቸው የኖሩ ሰው ስለነበሩ፣ ቤታቸው ውስጥ ሰው ሁሉ እየጮኸ ነው የሚያወራው። እኔ ዝምታ የምወድ ሰው ነኝና መጀመሪያ ላይ አልወደድኋትም። እውነቱን ለመናገር ሦስት ዓመት ያህል አልወደድኋትም።

ሥራዋ ብዙ ነው፤ ሰው የሚያስታውሳት ግን ፋሻ በመፍታቷ ነው። የዓይን ሞራ የተገፈፈለት ሁሉ በማግስቱ ጠዋት አግዳሚ ወንበር ላይ ይደረደራል። ሸጊቱ ከዳር ጀምራ ፋሻውን እያነሣች ጣቶቿን ታሳይና "ስንት ነው?" ትላለች። "ሁለት!" ሲባል ግቢው በእልልታ ይናጣል። ባል ሚስቱን ያያል፣ አያት የልጅ ልጁን ያያል፣ እኔም በመስኮቴ በኩል ሰርቄ አያለሁ። ታዲያ ከመካከላቸው አንድ ፈሪ አይጠፋም፤ "ተመልሶ ይመጣ ይሆን እንዴ?" ብሎ ይጠይቃል።

"አይመለስም!" ትላለች። "ሞራው ተገፎ ወጥቷል፤ ዳግም አይመለስም። ዓይኔን ግንባር ያርገው!"

ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ይመርቃታል። አንድ ቀን "የዓይን ሐኪም ቤት ውስጥ በዓይን አይማልም" ብያት ነበር። "ጋሼ አንዳርጋቸው፣ እርስዎ ካርድዎን ይፈልጉ" አለችኝ።

ያለችው ውሸት አልነበረም። ሞራው ራሱ አንዴ ከወጣ አይመለስም። ግን ከሌንሱ ጀርባ ሌላ መጋረጃ ሊመጣ እንደሚችል ተምራለች፤ ታውቃለች። ከደስታው ላይ ፍርሃት ላለመጨመር ብላ ነው የተወችው። "ሰው ገና ልጁን ባየበት ደቂቃ እንዲህ ዓይነት ነገር ይነገራል?" ትል ነበር። እኔም በልቤ እውነቷን ነው እል ነበር።

ነገሩ የተገለጠው ግሩም የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ወደ ካርድ ክፍሌ በመጣ ጊዜ ነው። ቀጭን ነው፤ የሸሚዙን ቁልፍ አንድ ዝቅ አድርጎ አሳስቶ ቆልፎታል። ጥናቱ ዓይን ውስጥ የሚገባውን ሰው ሠራሽ ሌንስ ማሻሻል ነው። ከኪሱ ብልቃጥ አውጥቶ ምስር የምታህል ብርሃን አስተላላፊ ነገር አሳየኝና፣ ጠይቄው ሳይሆን በራሱ ጊዜ ያስረዳኝ ጀመር።

"ሞራው ሲወጣ፣ ሞራው የነበረበት ስስ ከረጢት እዚያው ይቀራል" አለኝ። "ሌንሱ የሚቀመጠው በዚያ ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢቱ ዳር ላይ የቀሩ ጥቃቅን ሕዋሳት ቀስ እያሉ ይባዙና በሌንሱ ጠርዝ ሾልከው ጀርባውን ያለብሱታል። ሰውየው ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ጉም ውስጥ ይገባል። እኔ ጠርዙን ስል አደርገዋለሁ፤ ጀርባውን ደግሞ ሕዋሳቱ እንዳይባዙ የሚከለክል መድኃኒት በስሱ እቀባዋለሁ። አጥር ማጠር በለው።"

አጥሩ የሚጠቅም መሆኑን ለማወቅ አጥር የሌላቸው ምን እንደሆኑ ማወቅ አለበት። ከአራት ዓመት በፊት ክሊኒካችን በአንድ ሳምንት ዘመቻ ለአራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ሞራ ገፎ ነበር። ከነዚያ ውስጥ ስንቱ ተጋርዶበት ተመለሰ? ሁለት ቀን ካርድ ሳገላብጥ ዋልሁ። አሥራ ዘጠኝ ሰው ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል የከተማ ሰው።

ግሩም ራሱን ነቀነቀ። "አይሆንም። በዚህ ዓይነት ሌንስ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከመቶ ሰው ቢያንስ ሃያው ይጋረድበታል። ሌላው ሰው የት ገባ? ደግሞ እኮ ለዚህ የጨረር ማሽን አላችሁ። ቢላ የለው፣ ሕመም የለው፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።"

ማሽኑስ አለን። ጥግ ባለችው ክፍል ውስጥ አንሶላ ለብሶ ተቀምጧል።

ሸጊቱ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። ፊቷ አመድ መሰለ። "አይመለስም ብዬአቸው በምን ይመለሱ?" አለች። እንዲህ ዝቅ ባለ ድምፅ ስትናገር ያን ቀን ገና መስማቴ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ሞራ ቢሆን ኖሮ ሐኪም ቤት አለ። ግን ሞራ አይመለስም ተብሏል፤ ያውም በመሐላ። ስለዚህ ይህ የመጣው ሞራ አይደለም። ሞራ ካልሆነ ደግሞ ሐኪም ምን ያደርግለታል? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ከዚያን ቀን በኋላ ሸጊቱ ሸጊቱ አልሆነችም። ፋሻ ትፈታለች፤ ያ ጥያቄ ሲመጣ ግን ትሪውን ይዛ ትወጣለች። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳንጀምር መስኮቴ ፊት ትቆምና አንድ ዓይኗን በመዳፏ ከድና "ካርድዎን ይዘው ይቅረቡ" የሚለውን ጽሑፌን ታነባለች፤ ቀጥላ ሌላውን ትከድናለች። ሰንብቼ ምን ሆነሽ ነው አልኋት።

"በዓይኔ ምያለሁ ጋሼ" አለች። "አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ።"

ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ሳቅ ነው። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቤቷ ሆና ሳህን ስታጥብ "ስንት ነው?" የሚል የራሷ ድምፅ እንደሚሰማት፣ የሚመልስ ሰው ግን እንደሌለ የነገረችኝ ያኔ ነው። አግዳሚው ወንበር ላይ በሁለት ሰዎች መካከል ባዶ ቦታ ካየች አልፋው መሄድ አትችልም፤ ተራውን የሚጠብቅ ሰው የተቀመጠበት ይመስላታል፤ ፋሻውን ማንም ያልፈታለት ሰው። እኔ በመናፍስት የማላምን ሰው ነኝ። እንደዚያም ሆኖ ከዚያ ወዲህ ያንን ወንበር ሳየው ደስ አይለኝም።

"ጠበል ሂጂ፤ ወይም ዕረፍት ውሰጂ" አልኋት።

"መዝገቡን ይስጡኝ" አለች።

መዝገብ ለማንም አይሰጥም፤ ስለዚህ መዝገቡን ይዤ እኔው አብሬ ወጣሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመርን። መዝገቡ ላይ ካሉት ስልኮች ገሚሱ አይሠራም፤ ገሚሱ የጎረቤት፣ የአጎት ልጅ፣ የቀበሌ ነው። መጀመሪያ ያገኘነው አቶ ገድሉ የሚባሉ የወንዛዬ ገበሬ ነበሩ። እዚያ ባለው ፍል ውኃ ዳር ቁጭ ብለው ዓይናቸውን ሲታጠቡ ነው የደረስንባቸው። ታናሽ ወንድማቸውን ድግምት አስደግሞብኝ ነው ብለው ሁለት ዓመት ሰላምታ ነሥተውታል። አምጥተን ማሽኑ ፊት አስቀመጥናቸው፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። በማግስቱ ጉሙ ተገፎ ሲያዩ መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው "እንግዲህ ለወንድሜ ምን እለዋለሁ?" አሉ። ከዚያ በኋላ ያገኘነው ሁሉ እንዲሁ ነው፤ አንዱ ጎረቤት፣ አንዷ ምቀኛ፣ አንዱ የቆረጠውን ዋርካ ሰበብ አድርጎ ይዟል።

የኔታ ወልደ ሐዋርያት ግን ሌላ ነበሩ። መዝገቡ ላይ "ደልጊ፣ የዜማ መምህር፣ ዕድሜ ስድሳ ስድስት፣ ቀኝ ዓይን" ይላል። ግራ ዓይናቸው ገና በልጅነት በፈንጣጣ የጠፋ ነው፤ ስለዚህ ያላቸው ዓይን ያ አንዱ ብቻ ነው። ሸጊቱ ይህን ስታነብ "ቀድመን እሳቸውን" አለች። በጀልባ ሄድን። ቀኑን ሙሉ ጣና ላይ ስንጓዝ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም የምናፍቀውን ዝምታ አግኝቼ አላማረኝም።

ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የተማሪ ጎጆዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ተንጋደዋል፣ የአንዱ ክዳን ወድቋል። ሰው የለባቸውም። የየኔታ ሚስት ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ደጅ ላይ ተቀበሉን። የኔታ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ሸጊቱ "እንዴት ዋሉ የኔታ" ስትል ቀና አሉ።

"ይህችን ድምፅ አውቃታለሁ። ስንት ነው ብላ የጠየቀችኝ ልጅ ናት።"

"ነኝ፣ የኔታ። ዓይንዎ እንዴት ሆነ?"

"ሰጥታችሁኝ ነበር። ተወሰደ።"

"እንደ ጉም ነው የሚጋርድዎ?"

"ጉምስ ይገለጣል። ይህ የተፋቀ ብራና ነው።"

"የኔታ፣ ይህ የሚታከም ነው። ቢላ የለው፣ ስፌት የለው፤ በጨረር—"

"ሞራ አይደለም" አሉ፣ ተማሪ እንደሚያርሙ ረጋ ብለው። "ሞራ አይመለስም ብለሽ በዓይንሽ ምለሽልኛል። በዓይኗ የምትምል ልጅ አትዋሽም ብዬ ነው እንጂ በደሌን ለምን እፈልግ ነበር?"

በደላቸውን ነገሩን። ዓይናቸው እንደበራ መጀመሪያ የገለጡት የመምህራቸውን መጽሐፍ ነው፤ ያረፉት መምህራቸው በእጃቸው የጻፉት የዜማ ብራና። ለዓመታት በቃላቸው ሲያስተምሩ ኖረው አሁን በዓይናቸው ሊያዩት። በአንድ ቃል ራስ ላይ የተጻፈችው የዜማ ምልክት እሳቸው በጆሮ ከተቀበሉት የተለየች ሆና አገኟት።

"ሲጽፉ እጃቸው ሸርተት አለ ብዬ በምላጭ ፋቅሁት" አሉ። "በጆሮዬ በያዝሁት ዜማ አቀናሁት። በስምንተኛው ወር ዓይኔ መጋረድ ጀመረ። የመምህሬን እጅ ፋቅሁ፤ ዓይኔን ፋቁኝ።" እጃቸውን ወደ ሐይቁ ዘርግተው፣ "በዚህ በብርሃኑ በኩል መምህሬ ይታዩኛል። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመዋል። ሦስት ዓመት ማሩኝ ብዬ ለመንኋቸው፤ አንድ ቀን አልዞሩም" አሉ።

እኔ ወደ ብርሃኑ ዞር አልሁ። ምንም የለም፤ ግድግዳና ሐይቁ ብቻ።

ተማሪዎቹን በትነዋል። እርግማን ያለበት ሰው ያስተማረው ዜማ ይረገማል ብለው አንድ ሃሌታ እንኳ ከአፋቸው አልወጣም። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ከኋላችን ቆመው፣ "ከኔም ማዕድ ከለዩ ሦስት ዓመታቸው ነው። ለኔ እንዳይተርፍ ብለው" አሉ። በቁጣ አልነበረም የተናገሩት። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

ሸጊቱ መሬት ላይ ተንበረከከች። "የኔታ፣ መምህርዎ አይደሉም። እኔ ነኝ። ይህ ሊመጣ እንደሚችል አውቅ ነበር። ከሌንሱ ጀርባ የሚበቅል ነገር ነው፤ የማንም እርግማን አይደለም። እንዳይፈሩ ብዬ ደበቅሁዎት፤ ደብቄም ማልሁ።"

የኔታ ግድግዳውን ለቀው ቀና አሉ። ይቆጣሉ፣ ወይም ደስ ይላቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። ፊታቸው ላይ ያየሁት ግን ድንጋጤ ነው።

"እንግዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ መምህሬን በሐሰት አማኋቸው?" አሉ።

አልሄድም ሊሉ ነው ብዬ ፈራሁ። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ግን ገብተው ጋቢያቸውንና የብራናውን ማኅደር ይዘው ወጡ። "ይሂዱ፤ ሐሰት ከሆነ እዚያ ይታወቃል፤ እውነት ከሆነም እዚያ ይታወቃል" አሉ፤ እጃቸውንም ይዘው አስነሧቸው።

በሦስተኛው ቀን ክሊኒካችን ውስጥ ሐኪሙ አንሶላውን ከማሽኑ ላይ አነሣ። የኔታ አገጫቸውን አስደገፉ። ትንሽ ጧ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ አለቀ። ለምርመራ የተጨመረላቸው ጠብታ ስለሚያደበዝዝ እስከ ነገ ይቆዩ ተባለ። በማግስቱ ጠዋት ሸጊቱ ፊታቸው ቆማ እጇን ልታነሣ ሞክራ አልቻለችም። ጣታቸውን ያሳዩት ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ናቸው።

የኔታ ጣቱን አላዩም። በመስኮቱ በኩል ወደ ብርሃኑ ነው ያዩት። ወዲያ አዩ፣ ወዲህ አዩ።

"ሄደዋል" አሉ።

"ማን?" አለ ሊያይ የመጣው ግሩም፣ ምንም ያልገባው።

"ለካስ አልነበሩም።" አለቀሱ። ማልቀሳቸው የደስታ አልነበረም። ሰው ሲሞትበት እንደሚያለቅስ ሰው ነው ያለቀሱት። ካለቀሱ በኋላ መነጽራቸውን አጥልቀው ብራናውን ገለጡ፤ ያችን ቦታ ለማግኘት ጊዜ አልወሰደባቸውም። ጣታቸውን አኑረውባት ቆዩ።

"ምን ነበረች የፋቅኋት? እሳቸው ልክ ኖረው እኔ ተሳስቼ እንደሆን አሁን በምን አውቃለሁ? አሳምሬ ፍቄያታለሁ።"

ከዚያ ቀና ብለው ሚስታቸውን አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩአቸው።

"መቼ ነው እንዲህ የከሳሽ?"

"ብቻዬን ስበላ" አሉ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን።

ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ መሬት መሬት አየን። ግሩም ጭንቅ ሲለው ምን እንደሚያደርግ ስለማያውቅ ብልቃጡን አውጥቶ አዲሱን ሌንስ ለየኔታ አሳያቸው፤ ጠርዙ ስል መሆኑን፣ ጀርባው መቀባቱን አስረዳቸው። የኔታ በጥሞና አዳመጡት። መቼ ይደርሳል ብለው ጠየቁ። ገና በጥንቸል ዓይን ላይ እየተሞከረ መሆኑን፣ ለሰው ለመድረስ ብዙ ዓመት እንደሚቀረው ነገራቸው።

"እስከዚያ ለሰው የሚገባው ያው የኔ ዓይነት ነው?"

"አዎ፣ የኔታ።"

ሸጊቱ ይቅር ይበሉኝ ብላ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ያዟት። "እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ እኔ ፈትቼሻለሁ" አሉ። "ግን ልጄ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ስንቱ ነው እንደኔ በደሉን ሲፈልግ የከረመ? በደል እኮ ከፈለጉት አይታጣም።"

የኔታ ወደ ደልጊ ተመለሱ። ከበተኗቸው ተማሪዎች ሁለቱ እንደመጡላቸው ሰምቻለሁ፤ ሌሎቹ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም። ሸጊቱ አሁን ፋሻ ስትፈታ እውነቱን አንድ በአንድ ትናገራለች፦ ሞራው ወጥቷል፤ ከጀርባው ጉም ሊመጣ ይችላል፤ ከመጣ የማንም ምቀኛ፣ የማንም እርግማን አይደለም፤ ቶሎ ኑ። እልልታው ቀንሷል። የሚመጣው ሰው ግን በዝቷል፤ ማሽኑ ላይ አንሶላ ካየሁ ቆየሁ። የሸጊቱ ድምፅ ግን አልተመለሰም። ያ ጩኸት ይናፍቀኛል ብዬ አስቤም አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም እንወጣለን። ግሩም በሰጠን ቅጽ ላይ በስንተኛው ወር እንደጋረዳቸው እሞላለሁ። እሷ ግን የምትጠይቀው ሌላ ነው፤ "ምን አጠፋሁ ብለው ነበር?" ትላለች። ለዚያ ቅጹ ላይ ቦታ የለም።

ባለፈው ወር ቁንዝላ ሄደን እማማ ሰብለ ወንጌል የሚባሉ ሴት ፈለግን። ልጃቸው ናት በሩን የከፈተችልን። እናቷ በጥቅምት ዐርፈዋል፤ ሲሞቱ ሁለት ዓመት ታውረው ነበር። እኔ መዝገቡን ዘጋሁ። ሸጊቱ ግን አልሄደችም፤ እዚያው ቆማ ጥያቄዋን ጠየቀች።

ልጅቱ በሩን ተደገፈች። "አባቴ ሲሞት እናቴ እንባ አልወጣትም ነበር" አለች። "ደርቃ ነው የቀበረችው፤ ሰውም አምቷታል። ባሌን ያላለቀሰ ዓይን ለምን ይኖረኛል፣ በዚያ ነው የተወሰደብኝ ትል ነበር። ወደ መጨረሻው ግን ታለቅስ ነበር። በየማለዳው ተነሥታ አባቴን በስሙ እየጠራች ታለቅስና፣ ስትጨርስ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ፣ በርቶልኝ እንደሆን ብላ ወደ በሩ ታይ ነበር።"